በቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ 2020 ትንሽ ድርጅት ከአንድ ደረጃ አላልፍ ሲል ምን ይደረጋል?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ 2020 የተባለውን ጨዋታ ለምታውቁ ሰዎች ጥያቄ አለኝ፤ ለማታውቁት ደግሞ አስቀድሜ በአጭሩ ልግለጸው። ጨዋታው እንግሊዛዊው አዳም ራይላንድ የሠራው የአስተዳደር ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ራሱ ሪንግ ውስጥ ገብቶ አይፋለምም። የአንድ ሬስሊንግ ድርጅት ትርዒት አዘጋጅ ሆኖ ተፋላሚዎችን ይቀጥራል፣ ማን ማንን እንደሚጥል አስቀድሞ ይወስናል፣ ክፍያና የሥርጭት ውል ይደራደራል፣ ውጤቱንም በጽሑፍና በነጥብ ያነባል። ሁሉ ነገር ጽሑፍ ስለሆነ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምጫወተው ጨዋታው ይዞት በሚመጣው የፈጠራ ዓለም ሳይሆን፣ እውነተኛ ተፋላሚዎች ባሉበት ተጫዋቾች ባዘጋጁት መረጃ ነው። ድርጅቴን ከምንም ተነሥቼ ያቋቋምሁት ኒው ዮርክንና አካባቢውን በሚይዘው ትራይ ስቴት በተባለው ክልል ነው። መጀመሪያ ላይ ዕድገቱ ደኅና ነበር፤ አሁን ግን በክልሉ ያለኝ ተወዳጅነት 30 አካባቢ ደርሶ ቀጥ ብሏል። ወርኃዊ ትርዒቴ የሚያገኘው ነጥብም ከዚያው ከ30 ብዙ አይርቅም፤ ካዝናውም በየወሩ እየሳሳ ነው።

ሦስት አማራጮች ይታዩኛል። አንደኛው በትልልቅ ድርጅቶች ስሙ የገነነ፣ ዕድሜው ግን የገፋ ተፋላሚ በቀረኝ ገንዘብ መቅጠር ነው። ሁለተኛው ለመደራደር ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር ውል መግባት ነው። ሦስተኛው ትርዒቱን ወደ አጎራባች ክልሎች፣ ወደ ኒው ኢንግላንድና ወደ ሚድ አትላንቲክ፣ እያዞሩ ማሳየት ነው። የትኛው ይቅደም ትላላችሁ? ከተፋላሚዎቼ አብዛኞቹ ሪንግ ውስጥ ጎበዞች ሆነው ማይክራፎን ሲይዙ ግን የሚደናገሩ መሆናቸውንም ከግምት አስገቡልኝ።

ዳሞት (ቡሬ)፦

ወንድሜ፣ ሦስቱን አማራጮች ከማመዛዘንዎ በፊት ዕድገቱ ለምን እንደቆመ ጥያቄዎ ራሱ ነግሮናል። ጨዋታው የቆመበት ሕግ ትርዒቱ ያገኘው ነጥብ በክልሉ ካለዎት ተወዳጅነት ሲበልጥ ተወዳጅነቱ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል፣ ሲቀራረብ ደግሞ ባለበት ይረግጣል የሚል ነው። ተወዳጅነትዎ 30፣ ትርዒትዎም 30 ከሆነ ሌላ ምሥጢር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ የትርዒቱ ነጥብ በምን ያድጋል የሚለው ነው።

የትርዒትን ነጥብ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ዋናው፣ ማለትም የመጨረሻው ግጥሚያ ነው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ከእሱ በፊት ያሉት ግጥሚያዎች ቢያምሩም ባያምሩም የሚያመጡት ለውጥ አነስተኛ ነው። የአንድ ግጥሚያ ነጥብ ደግሞ ከተፋላሚዎቹ ተወዳጅነትና ሪንግ ውስጥ ካላቸው ችሎታ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚመዘን የሚወስነው እርስዎ የመረጡት የትርዒት ዓይነት፣ ጨዋታው ፕሮዳክት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ቅንብርዎን ይመርምሩ። ተፋላሚዎችዎ በችሎታ የበረቱ በንግግር የደከሙ ሆነው ሳለ ታዋቂነትን የሚያስቀድምና ትረካ የሚበዛበት ፕሮዳክት ይዘው ከሆነ፣ የቡድንዎ ብርታት አይቆጠርም፣ ድካሙ ግን በየትርዒቱ ይቆጠራል። ችሎታን የሚያስቀድም ፕሮዳክት ከያዙ ግን ማንም የማያውቃቸው ሁለት ጎበዞች የሚያደርጉት ዋና ግጥሚያ ከድርጅቱ ተወዳጅነት በላይ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ለትንሽ ድርጅት ከዚህ የረከሰ የዕድገት መንገድ አላየሁም።

ከእውነተኛው ዓለም ምሳሌ የሚሆነን ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2002 ፊላደልፊያ ላይ የመጀመሪያ ትርዒቱን ሲያሳይ ዋናውን ግጥሚያ ያደረጉት ሎው ኪ፣ ብራያን ዳንየልሰንና ክሪስቶፈር ዳንየልስ ነበሩ፤ ሦስቱንም ያኔ ሰፊው ተመልካች አያውቃቸውም ነበር። ድርጅቱ ትርዒቶቹን በካሴትና በዲቪዲ እየሸጠ ቆይቶ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያገኘው በ2009 ነው። ቡሬ ላይ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች ግን በዲሽ ስሙን የሰሙትን ሰው ሁሉ ካልቀጠሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

በግጥሚያ ርዝመት ላይም ይጠንቀቁ። ጎበዝ ነው ተብሎ ለ30 ደቂቃ የተሰማራ ተፋላሚ ትንፋሹ አጭር ከሆነ መሐል ላይ ይደክማል፣ ነጥቡም አብሮ ይወርዳል፤ የግጥሚያን ስሜት ደረጃ በደረጃ የመገንባት ብልሃት፣ በጨዋታው አጠራር ሳይኮሎጂ፣ የጎደለውም በረጅም ግጥሚያ ላይ ይጋለጣል። ሁለቱንም ያሟሉትን ለይተው ለእነሱ ብቻ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይስጡ፤ ሌላውን ያሳጥሩት። በሁለት ሰዎች መካከል ከግጥሚያው በኋላ በሚወጣው ማስታወሻ ላይ ካልሆነ በቀር የማይታይ የተሰወረ መግባባት ወይም አለመግባባት መኖሩንም አይርሱ። ለዋና ግጥሚያ ያሰቧቸውን ጥንዶች ለትርዒቱ ነጥብ በማይታሰበው ቅድመ ትርዒት ላይ አስቀድመው አገናኝተው ቢፈትኗቸው፣ በዋናው ቀን ከመደንገጥ ይድናሉ።

የግጥሚያዎቹም ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። በአዝማሪ ምሽት ዋናው አዝማሪ ማሲንቆውን ከማንሣቱ በፊት ታዳሚው እያጨበጨበና እየጮኸ ከደከመ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግጥም የቱንም ያህል ቢያምር ተቀባይ አያገኝም፤ እዚህም ከዋናው ግጥሚያ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የግጥሚያ አስተላላፊዎችን፣ ማለትም ግጥሚያውን በድምፅ የሚተርኩትን ነው። ደካማ አስተላላፊ እያንዳንዱን ግጥሚያ ይጎዳል፤ አንድ ተፋላሚ ግን ቢበዛ የራሱን ግጥሚያ ነው የሚያበላሸው። ለመካከለኛ ተፋላሚ የሚከፍሉትን ለአንድ ጥሩ አስተላላፊ ቢከፍሉ በዚያው ወር ልዩነቱን ያዩታል።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ዳሞት ስለ ነጥብ የጻፉትን እቀበላለሁ። ሆኖም ካዝናዬ እየሳሳ ነው ለሚል ሰው ቀድሞ መነገር የነበረበት ስለ ገንዘብ ነው ባይ ነኝ፤ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ የቆየ ድርጅት በጨዋታው ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ስለ ዋና ግጥሚያ መወያየት ትርጉም የለውም።

በመጀመሪያ የቀጠሯቸውን ሰዎች ዝርዝር ይክፈቱና ባለፉት ትርዒቶች ያልተሰለፈውን ሁሉ ያሰናብቱ። ትንሽ ድርጅት በወር አንድ ትርዒት የሚያሳይ ከሆነ ስድስት ወይም ሰባት ግጥሚያ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው ወይ ያኮርፋል ወይ ገንዘብ ይበላል። አብዛኞቹን በየቀረቡበት ቀን በሚከፈል ውል ይያዙ። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ድርጅቱ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ተፋላሚዎቹ ውላቸውን ሲያድሱ የሚጠይቁት ክፍያም አብሮ መናሩ ነው። ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሳይዘጋጁ መድረስ ሽልማት መስሎ የሚመጣ ወጪ ነው። ብዙዎች ደረጃ ሲወጡ ደስ ብሏቸው ከስድስት ወር በኋላ የሚከስሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የቴሌቪዥኑን ነገር ለጊዜው ይተውት እላለሁ። ሥርጭት ጣቢያው በሚደርስባቸው ክልሎች ተወዳጅነትን ያሰፋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሳምንታዊ ትርዒት ማለት በወር አንድ ጊዜ የነበረው ክፍያ አራት ጊዜ መምጣት ማለት ሲሆን፣ በዚያ ላይ ዋና ግጥሚያ የሚሆኑ ጥንዶች ቶሎ ያልቁብዎታል። ጥሩ ጥንድ ሦስት ብቻ ያለው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም አሳይቶ ይጨርስና በሁለተኛው ወር የሚያሳየው ያጣል።

ኢ ሲ ደብልዩ የደረሰበትን የሚያስታውስ ሰው ይህን ይረዳል። ፊላደልፊያን ማዕከል ያደረገው ይህ ድርጅት በኦገስት 1999 ቲ ኤን ኤን በተባለው ጣቢያ በመላ አሜሪካ መታየት ጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፋላሚዎቹ ታዝና የደድሊ ወንድማማቾች ትልቁ ተፎካካሪ ወደ ነበረው ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ሄዱ፤ በኤፕሪል 2000 ደግሞ ሻምፒዮኑ ማይክ ኦሰም ቀበቶው ገና በእጁ ሳለ ሌላው ትልቅ ድርጅት በሆነው በደብልዩ ሲ ደብልዩ ትርዒት ላይ ብቅ አለ። የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ በኦክቶበር 2000 ተቋረጠ፤ በኤፕሪል 2001 ድርጅቱ የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። ጨዋታውም ይህንኑ ያደርግብዎታል። በቴሌቪዥን ያሳዩት ተፋላሚ ሲታወቅ ትልልቆቹ ያዩታል፣ በቀን ክፍያ ብቻ የታሰረውን ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ይወስዱታል። ከሥርጭት ውል በፊት ሁለት ወይም ሦስት ዋና ዋና ሰዎችዎን ለእርስዎ ብቻ በሚያስር የጽሑፍ ውል ለመያዝ የሚያስችል አቅም ያስፈልጋል።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጋሽ ዳሞት፣ እንዲሁም የጣና ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅንብሬን ስመለከተው ፕሮዳክቱ እንዳሉት ታዋቂነትን የሚያስቀድም ነው፤ ችሎታን ወደሚያስቀድመው እቀይረዋለሁ። የማይሰለፉትንም አሰናብቼ ከሚተርፈው ላይ አስተላላፊ እቀጥራለሁ፤ በዚህ ሁለታችሁም የምትስማሙ ይመስለኛል።

ሆኖም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። በችሎታ ብቻ የተወሰነ መንገድ እንደሚያስኬድ ገብቶኛል፤ ድርጅቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን የታወቀ ሰው ማስፈለጉ አይቀርም። ስመ ጥሩን አዛውንት ካልቀጠርሁ ኮከብ ከየት ይመጣል?

ሞጣዊት (ሞጣ)፦

ኮከቡ ከራስዎ ቡድን ይወጣል፤ አዛውንቱንም ቢሆን ይቅጠሩት፣ ግን እንዲሸነፍልዎ ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ ይህን ሳያነሡት ማለፋቸው ገርሞኛል።

በዚህ ጨዋታ ተፋላሚ ተወዳጅነት የሚያገኘው ከራሱ በሚበልጥ ሰው ላይ በሚቀዳጀው ድል ነው። ወጣት ተፋላሚ ከእሱ ያነሱትን አሥር ሰዎች ቢጥል ግለቱን፣ ጨዋታው ሞመንተም የሚለውን፣ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ብዙ አያድግም፤ በስም የሚበልጠውን አንድ ሰው በዋና ግጥሚያ ላይ በንጹሕ ድል ቢጥለው ግን የተጣለው ሰው ስም ለጣለው ይተርፋል። ስለዚህ ስመ ጥሩውን ተፋላሚ ለአጭር ጊዜ፣ በየቀረበበት በሚከፈል ውል ያምጡት። መጀመሪያ ሲቀርብ ያሸንፍ፤ ተመልካቹ አሁንም አደገኛ ነው ብሎ ይመን። ቀጥሎ ወጣቱ ይጋፈጠው፣ ጉዳዩ ሳይቋጭ ይለያዩ። በመጨረሻ ወጣቱ ይጣለውና አዛውንቱ ክፍያውን ተቀብሎ ይሂድ። ውሉን ሲፈርሙ ግን በታሪኩ ላይ የመወሰን መብት የሚሰጠውን አንቀጽ እንዳያስገቡለት፤ ያ መብት ያለው ሰው አልሸነፍም ካለ ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጠባዩንም አስቀድመው ያንብቡ፤ ከመጋረጃ በስተጀርባ ነገር የሚያጋጭ አንድ ትልቅ ስም የወጣቶቹን ሁሉ ስሜት ሊያበላሽ ይችላል።

ከቡድንዎ የሚያሳድጓቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይምረጡ። አብዛኛው ተጫዋች ማንም እንዳይከፋ ብሎ ድሉን ለሁሉም እኩል ያከፋፍላል፤ ዛሬ ያሸነፈው ነገ ይሸነፋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም እዚያው 30 ላይ ተሰልፎ ይገኛል። የተመረጡት እርስ በርሳቸው ቶሎ እንዳይገናኙ አድርጎ ለየብቻ ማሳደግ፣ ቀበቶውንም ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀባበሉ አለማርከስ ያስፈልጋል። ሪንግ ኦፍ ኦነር ሳሞአ ጆ የተባለውን ተፋላሚ ከማርች 2003 እስከ ዲሴምበር 2004 ሻምፒዮን አድርጎ ሲያቆየው፣ ቀበቶው በሰውየው ሰውየውም በቀበቶው እየከበደ ሄደ። እሱን ማሸነፍ ለማንኛውም ወጣት ትልቅ ነገር የሆነው በዚያ ርዝመት ምክንያት ነው።

ያሳደጉትን ሰው ማን እንደሚጥለውም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ደብልዩ ሲ ደብልዩ ከ1997 ጀምሮ ጎልድበርግ የተባለውን ተፋላሚ በተከታታይ ድል አግንኖት፣ ድርጅቱ ራሱ በሚያውጀው ቁጥር 173 ካደረሰው በኋላ፣ በዲሴምበር 1998 ስታርኬድ በተባለው ትርዒት ላይ ያስጣለው በኬቪን ናሽ ነው። ናሽ ያን ጊዜ ከበቂ በላይ የታወቀ ሰው ነበርና ከዚያ ድል ያተረፈው ጥቂት ነበር። በሳምንቱ፣ በጃንዋሪ 4 ቀን 1999፣ ይኸው ናሽ ሌላው ስመ ጥር ተፋላሚ ሆጋን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሆን ብሎ ተዘርሮ ቀበቶውን አስረከበ። ሲገነባ የቆየው ያ ሁሉ ስም ለአንድ አዲስ ሰው ቢተላለፍ ኖሮ ድርጅቱ ሌላ ኮከብ ያገኝ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የማይዋጥልኝ ይህ ነው። በጨዋታው ውስጥም ረጅም ድል ሲቋረጥ ትርፉ ወደ ማን እንደሚሄድ ቁጥሩ ወዲያውኑ ያሳያል።

በንግግር የሚደናገሩትን በተመለከተ አንደበተ ርቱዕ ማናጀር አንድ ይበቃዎታል። በንግግር ትዕይንት ላይ ማን በንግግሩ እንደሚመዘን የሚወስኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ማናጀሩን እንዲመዘን አድርገው ተፋላሚውን ዝም ብሎ እንዲቆም ያድርጉት። ተፋላሚው ብሮክ ሌስነር ለዓመታት ከጎኑ ማናጀሩ ፖል ሄይመን ሲናገርለት የቆመው ስለዚህ ነው።

ዳሞት (ቡሬ)፦

ሞጣዊት የጻፈችውን ተቀብያለሁ፤ አዛውንቱን በዚህ ዓይነት ከሆነ እኔም አልቃወምም። የቀረው ስለ ክልሎች የቀረበው ጥያቄ ነው።

ተወዳጅነት ለየክልሉ ለብቻው ይቆጠራል። ትራይ ስቴት ላይ 30 ያለው ድርጅት ኒው ኢንግላንድ ላይ ምናልባት 12 ብቻ ይኖረዋል፤ ከሚያሳዩበት ክልል ወደ አጎራባቹ የሚተላለፈው ጥቂት ነውና። ስለዚህ 38 የሚያገኝ ትርዒት ትራይ ስቴት ላይ ትንሽ ሲያሳድግዎ ኒው ኢንግላንድ ላይ ግን በፍጥነት ያሳድግዎታል። ወደ ላይኛው ደረጃ ለመውጣት ደግሞ ከአንድ ክልል በላይ መታወቅ ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ ትክክል አይመስለኝም፤ የዋናው ግጥሚያ ነጥብ ከ30 በላይ በቋሚነት መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ ከየሦስቱ ትርዒት አንዱን ኒው ኢንግላንድ ላይ ያሳዩ። ሚድ አትላንቲክን ለጊዜው ይርሱት፤ በሁለት አቅጣጫ የተበተነ ድርጅት በሁለቱም ቦታ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ከእያንዳንዱ ትርዒት በፊትም ጨዋታውን በሌላ ስም ያስቀምጡ። የእኛን አገር መብራት ያውቁታል።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ዳሞት የሰጡት ምክር ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር ይሠራል። ተወዳጅነትዎ 12 በሆነበት ክልል የሚገዛው ትኬት ትንሽ ነው፤ የተፋላሚዎቹ ክፍያ ግን ያው ነው። ስለዚህ ኒው ኢንግላንድ ላይ ለሚያሳዩት ትርዒት ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸውን ጎበዞች ይዘው ይሂዱ፤ አዛውንቱን ወደዚያ አይውሰዱት፤ ሰው በሚሞላበት በትራይ ስቴት አዳራሽ ይጠቀሙበት። ትራይ ስቴት ላይ ሁለቱ ትርዒቶች የሚያስገኙት ትርፍ የኒው ኢንግላንዱን ኪሳራ የማይሸፍን ከሆነ ደግሞ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ።